ሳላነበው የጣልኩት ወረቀት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ራሴ ስሕተት ነው። ነገሩ የመኪና ፍሬን ነው። "እኛንና መኪናን ምን አገናኘን?" እንዳትሉ። አውቶቡስ የማይሳፈር ማን አለ? ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ መንገዱ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርደው ፍሬኑ እንዳይግል ብሎ ነው። ፍሬን ከጋለ አይዝም።

ፍሬን እንዴት ይሠራል? ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት አለ። ዲስክ ይባላል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ይሄዳል። ዘይቱም ፒስተን የሚባለውን ብረት ይገፋል። ፒስተኑ ደግሞ 2 ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ በዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ያኔ ጎማው ይቆማል። ይህ ሸራ የጨርቅ ሸራ አይደለም። በብረት ላይ የተለጠፈ ጠንካራ ነገር ነው። እንደ ማረሻ ጫፍ በፍትጊያ ያልቃል። ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይጮኻል። ዲስኩም እንደ ፈር ይቦረቦራል።

አጎቴ አሮጌ ፊያት 124 መኪና አላቸው። ይህ ዓይነት መኪና በጣልያን አገር መሠራት የጀመረው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በ4ቱም ጎማ ላይ ዲስክ አለው። በዕረፍት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የመኪናዋ የኋላ ፍሬን ይጮኻል። አጎቴ 2 ዲስክና 4 ሸራ ገዝተዋል። "ነገ ጋራዥ እወስዳታለሁ" አሉ። እኔ ግን ተማርኩ ባይ ነኝ። "እኔ እያለሁ ምን ጋራዥ ያስኬዳል?" አልኩ።

በማግሥቱ አጎቴ ወደ ሥራ ሄዱ። ካርቶኑን ስከፍት አንዲት ወረቀት ወደቀች። ባለቤታቸው እትዬ ከግቢው ግርጌ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

"ልጄ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?" አሉኝ።

"ለማያውቅ ሰው ነው፣ እትዬ" አልኩና ጨምድጄ ጣልኩት።

ሥራውን በደንብ ጀመርኩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። መኪናዋን በክሪክ አነሣሁ። ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገባሁ። አሮጌውን ሸራና ዲስክ ፈታሁ። አቧራውን በአፌ አልነፋሁም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። የአሮጌ ሸራ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። አዲስ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ያንን በቤንዚን ጠረግሁ። ዘይት የነካው ሸራ ያንሸራትታል።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ነው። ቦታ እንዲያገኝ ፒስተኑ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ብገፋው እምቢ አለ። የዚህች መኪና የኋላ ፒስተን እንደ ብሎን እየዞረ ነው የሚገባው። አዙሬ አስገባሁት። ሁለቱንም ጎማ ጨርሼ ገጠምኩ። ኩራት ተሰማኝ።

ድንጋዮቹን አነሣሁ። መኪናዋን የያዛት ማርሹ ብቻ ነው። ገባሁና ሞተሩን ለማስነሣት ፍሪሲዮን ረገጥኩ። መኪናዋ ወደ ግቢው ግርጌ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ጭቃ እንደ ረገጥኩ ሁሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ! የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እሱም የሚይዘው እነዚያኑ የኋላ ዲስኮች ነውና አልያዘም። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ያጥባሉ። "እትዬ!" ብዬ ጮኽኩ። እንደገና ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። በአራተኛው ያዘ። መኪናዋ ከጀርባቸው አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ወረቀቱን ፈልገው አነሡና ሰጡኝ።

"በል አሁን አንብበው" አሉ።

በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። "መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ርገጥ" ይላል። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ሸራው ከዲስኩ ይርቃል። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ያንን ክፍተት ለመዝጋት ነው የሚያልቁት። ነገሩ ይኸው ነበር።

እትዬ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ማንበብ ሳልችል ጠየቅሁ። አንተ እየቻልክ ጣልከው።"

ምን ልበል? መልስ አጣሁ። ማታ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ ልክ ናቸው። በማግሥቱ መኪናዋን መካኒክ አየልን።

ውድ አንባቢዎች፤ እናንተ አሁን ፊደል ለይታችኋል። የአረም መድኃኒት ስትገዙ በዕቃው ላይ ጽሑፍ አለ። ለልጅ የሚሰጥ መድኃኒትም ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚናገር ወረቀት አለው። ሳታነቡ አትጣሉት። ቋንቋው ካልገባችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የእኔው ሥራ ነው።

እትዬም ፊደል ጀምረዋል። ያቺን ወረቀት በአማርኛ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። "እኔው ራሴ እስካነባት ድረስ ትቀመጥ" ብለው ሣጥናቸው ውስጥ አኑረዋታል።