ትርፉ ሰው ማነው?

«ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። በገበያ ሲነገር ጥቅም ማለት ነው፤ በመኪና ሲነገር ደግሞ ከወንበር በላይ የተጫነ ሰው ማለት ነው። በእኛ በላስታ መንገድ ሁለቱ ፍቾች በአንድ መኪና ይሳፈራሉ፤ ለባለመኪናው ጥቅም የሆነው ሰው ለሕጉ ጥፋት ነውና።

ከጋሸና ላሊበላ ያለው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ገደሉም የሚያስፈራ ነው። ለ12 ሰው የተሠራ ሚኒባስ 18 ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ቢከዳው ምን እንደሚከተል መቼም የማያውቅ የለም። በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ያልቃል። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ሰው መቁጠሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከቆጠረ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ፣ በዚሁ መንገድ ወደ ላሊበላ እሄድ ነበር። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሆነ መኪናው ጢም ብሏል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግ ሾፌራችን ነገሩ ገባው። ረዳቱም «ወንበር የሌላችሁ፣ ጎንበስ በሉ!» አለ። አንዲት እናት ሁለት ዶሮዎቻቸውን እንዳቀፉ አጎነበሱ። ምን ይደረግ፣ አላመለጡም። ትራፊኩ ቆጠረ፣ ሾፌሩን ቀጣ፣ ስድስት ሰዎች አስወረደ። እማማ ሒሳባቸውን ቢጠይቁ፣ ረዳቱ «ቅጣቱንስ ማን ይከፍልልናል?» ብሎ በሩን ዘጋ።

ከመታጠፊያው ወዲያ መኪናው ቆመ። ጉልበት ያላቸው አምስቱ ሮጠው ደረሱና ተሳፈሩ። እማማ ግን ሊደርሱ አልቻሉም። «ይጠበቁ እንጂ!» ብንል «ሌላ መኪና ይመጣል» ተባልንና ሄድን።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። መኪናው እንደገና ሞልቷል፤ አደጋውም እንዳለ ነው። የተቀነሰችው አንዲት አቅመ ደካማ ብቻ ናት። ያኔ ይሠራበት የነበረው ደንብ ቁጥር 208/2003 የአሽከርካሪውን ጥፋት በደረጃ ከፍሎ ይቀጣ ነበር፤ ከመንገድ የቀረችው ተሳፋሪ ያጣችው ገንዘብና ገበያ ግን በቅጣቱ ወረቀት ላይ አይሰፍርም ነበር።

በበኩሌ መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። አንደኛ፣ ቆጠራው መኪናው ከመናኸሪያ ሳይወጣ ይሁን። እዚያ የወረደ ሰው ቢያንስ ጥላና ሌላ መኪና አያጣም። ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ ማስወረድ ግድ ሲሆን ትራፊኩ በፊቱ ሒሳቡን ያስመልስ፤ ባዶ ወንበር ያለው መኪና ሲመጣም ተሳፋሪውን ያሳፍር። ሦስተኛ፣ በገበያ ቀን ተጨማሪ መኪና ይመደብ። መኪና ካልበቃ ሰው መተራረፉ አይቀርምና።

ጓደኞቼ ዕጩ መምህራን፣ እኛስ? ነገ የምናስተምረው ልጅ እናቱ ጎንበስ ስትል አብሯት የሚያጎነብስ ልጅ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሕግ ማለት የሚደበቁት ነገር ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ስለ ትራፊክ ስናስተምር ምልክቶቹን ብቻ አስቆጥረን አንለፍ። መኪናው ለምን 12 ሰው ብቻ እንደሚይዝ፣ የወረደ ሰውም ገንዘቡን የመጠየቅ መብት እንዳለው እንንገረው። «ትርፍ» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍም ፍቹን ለገበያው ብቻ እንተውለት።