ስለ አሮጌ ካሚዮን አዲስ ወለል

ከአባት የተወረሰ ንብረት በሦስት መንገድ ይጠፋል፤ አንደኛው በመሸጥ፣ ሁለተኛው ወራሾች በመጣላታቸው፣ ሦስተኛው ግን ማንም ሳይሸጠውና ማንም ሳይጣላበት ዝም ብሎ በመበስበስ ነው። ስለ ርስትና ስለ ቤት ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ግን ስለ አንድ አሮጌ የጭነት ካሚዮን ነው። ነገሩ ዝቅ ያለ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ሦስት ልጆች ያሳደገና ያስተማረ መኪና በቤተሰብ ገጽ ላይ ስሙ ቢነሣ አይበዛበትምና።

ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ ከዚያም ወደ ማይጨውና ወደ መቀሌ የሚያልፈውን የኦቶሞቢል መንገድ ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን እንደ ሠሩት የታወቀ ነው። ወራሪው ሲባረር መንገዱ ቀረ፤ የካሚዮን ሥራና የሥራው ቃልም አብሮ ቀረ። ዛሬም በሀብሩ ወረዳ ያለ ሾፌርና ረዳት ጣውላ፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ፣ ስፖንዳ ሲል የሚናገረው ከጣልያንኛ በመጣ ቃል ነው። አባታችን የገዛው ካሚዮን ፊያት 682 የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ዓይነት በጣልያን አገር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነው፤ በአገራችን ሰው ዘንድ ግን «ኤን ትሬ» በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የብዙዎቹም መሪ በቀኝ በኩል የተተከለ ነው፤ ይኸውም በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ዳር በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ነው ይባላል።

አባታችን ካረፈ በኋላ ካሚዮኑ መርሳ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ከዋንዛው ዛፍ አጠገብ አራት ክረምት ቆመ። ሞተሩ ደኅና ነበረ፤ ወለሉ ግን ጠፋ። ምክንያቱም ቀደም ሲል በአንድ ጋራዥ የድሮው ጣውላ ተነሥቶ በምትኩ ላሜራ ብረት በብየዳ ከሻሲው ጋራ ተጣብቆ ስለ ነበረ ነው። ውሃው በላሜራው ሥር እየተኛ ብረቱን ከታች በላው፤ ሻሲውም ብየዳው በነካው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ።

በ2010 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን «ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እንሽጠውና ገንዘቡን ለሦስት እንካፈል» አለ። ታናሽ እኅታችን ግን «ጋሼ፣ ወለሉ ይታደስና የጊራናን ሽንኩርት፣ የመርሳን ብርቱካን፣ የቆላውን ማሽላ እየጫነ ለእናታችን መተዳደሪያ ይሁን» አለችው። እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ ሒሳቡን እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ሒሳቡ ሲቀርብ ከወጪው ሁሉ የከበደው የእንጨቱ ዋጋ ሆነ። ወንድማችንም «እንግዲያስ የግቢው ዋንዛ ይቆረጥ» አለ። ያ ዋንዛ አባታችን የተጣላ ሰው ያስታረቀበት፣ የእርሱም ለቅሶ የተቀመጠበት ዛፍ ነው። እናታችን ይህን ሰምታ አልተቆጣችም፤ አልፈቀደችምም፤ ዝም አለች። ሁላችንም ዝምታዋን ፈራነው።

ከወልድያ በዕድሜ የገፉ አንድ አናጢ አስመጣን። ሰውዬው ዛፉን ዙረው አዩና እንዲህ አሉ፦ «እታለም፣ አብሽሪ። ዋንዛ የበርና የወንበር፣ የሙቀጫና የከበሮ እንጨት ነው፤ ለመላጊያ የለዘበ ነው። በርሜል የሚንከባለልበትና ኩንታል የሚወረወርበት ወለል ቢሆን ግን ቶሎ ይጎደጉዳል። ለዚህ ሥራ ቀይ ባሕር ዛፍ ይበልጣል፤ እርሱም በየሰዉ ማሳ ዳር ሞልቷል።» እናታችንም «ወንድምዓለም፣ ዕድሜ ይስጥዎት» ብላ መረቀቻቸው። በዚህም ዛፉ ዳነ፤ ወንድማችንም ቢሆን በእውቀት የተመለሰ እንጂ በክርክር የተረታ ስላልሆነ ቅር አልተሰኘም።

ባሕር ዛፉ ተገዝቶ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ክርክር ስለ ጊዜ ተነሣ። አናጢው በርጥብ እንጨት አልሠራም አሉ። ርጥብ ጣውላ ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይልቁንም ባሕር ዛፍ ጫፉ ይሰነጠቃል። የአናጢዎች የቆየ ልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ማድረቅ ነው። የእኛ ጣውላ 4 ሴንቲ ሜትር ስለ ነበረ ዓመት ከመንፈቅ መጠበቅ ሊያስፈልገን ሆነ። ወንድማችን የመከሩ ጭነት ያመልጠናል ብሎ ተከራከረ፤ እናታችን ግን «አራት ክረምት የቆመ መኪና አምስተኛውን አይፈራም» ብላ ፈረደች። ጣውላው ነፋስ እንዲገባው በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ፣ ጫፍ ጫፉም ቀለም እየተቀባ፣ በዋንዛው ጥላ ሥር ተደረደረ።

ሥራውም እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያ የተሰነጠቀው ሻሲ ተጠገነ። ቀጥሎ በሁለቱ የሻሲ ብረቶች ላይ ሁለት ወፍራም እንጨቶች በቁመት ተጋደሙ። በእነርሱ ላይ 13 ተሸካሚ እንጨቶች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በአግድም ተሰደሩ። በመጨረሻ ርዝመታቸው 6 ሜትር፣ ወርዳቸው 19.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ጣውላዎች ከላይ ተነጠፉ። በየጣውላው መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወ፤ እንጨት በክረምት ያብጣልና፣ ውሃም መውረጃ ያሻዋልና። የቡሎኑ ራስ ጆንያ እንዳይቀድ ከጣውላው ፊት ዝቅ ብሎ ተቀበረ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባው በሥሩ ብቻ ነው፤ ላዩ እህል የሚያርፍበት ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ግን የወለሉና የሻሲው መያያዣ ነው። ካሚዮን ድንጋያማ በሆነ መንገድ ሲሄድ አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ሻሲው ጥቂት ይጠማዘዛል፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ወለሉ በብየዳ ከተጣበቀበት ግን ከሁለቱ አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ አናጢው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በታጠፈ ቡሎን ሻሲውን አቅፈው አሰሩት፤ ከኋላ አጠበቁት፣ ከፊት በኩል ግን ከቡሎኑ ጋራ ሞላ ጨምረው ጥቂት እንዲንቀሳቀስ አደረጉት።

ወለሉ በ2012 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያና መርሳ በደረሰ ጊዜ ያ ካሚዮን የጫነው ኩንታል ሳይሆን ሰው ነበረ። ሽማግሌዎች፣ እመጫቶችና ሕፃናት በጣውላው ላይ ተቀምጠው ወደ ደሴ ሄዱ። የክረምቱ ዝናብ በየክፍተቱ እየወረደ ስለ ሄደ ሕፃናቱ በውሃ ላይ አልተቀመጡም። መሪውን የያዘው ካሚዮኑ ይሸጥ ያለው ታላቅ ወንድማችን ነበረ። በ2014 ዓ.ም. ወደ ቀዬአችን ስንመለስ ሁለት ጣውላዎች ተሰብረው ነበር። አናጢውም በግማሽ ቀን ሁለቱን ብቻ ነቅለው በአዲስ ተኩ፤ አሥሩን አልነኩም። ላሜራ ብረት ቢሆን ኖሮ ሁሉን መገንጠል ባስፈለገ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሦስታችንን ድርሻ በጽሑፍ አደረግን፤ ከየጭነቱ ገቢም አስቀድሞ ለጥገና የሚሆነው ይነሣል፣ የተረፈው ለእናታችን ይሰጣል። በጽሑፉ ውስጥ ከሦስታችን አንዱ ቢቸገር ድርሻውን ለሁለቱ ሸጦ ሊወጣ እንደሚችል ተጽፏል። ይህን አንቀጽ ያስጻፈችው እናታችን ናት። ማንም እስከ ዛሬ አልተጠቀመበትም፤ ነገር ግን በመኖሩ ብቻ ክርክራችን ቀንሷል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ የጋራ ንብረት የምትተዉ ወላጆች፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፤ ነገር ግን እንደ ቡሎን ይሁን እንጂ እንደ ብየዳ አይሁን። ፈጽሞ እንዳይላወስ ሆኖ የተጣበቀ ነገር በመጀመሪያው ክፉ መንገድ ላይ ይሰነጠቃልና።