«ተይ ወጥ» በአል-ጣኢፍ

ወደ ጦር አካዳሚ ከመግባቴ አስቀድሞ፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ከጎንደር ተነሥቼ በመተማና በገዳሪፍ በኩል እስከ ካርቱም ተጉዤ ነበር። ያረፍሁት በከተማዪቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአል-ጣኢፍ ሠፈር፣ አነስተኛ ምግብ ቤት ከነበራቸው ከአክስቴ ዘንድ ነው። ዓባይ በሁለት ወገን መጥቶ የሚገናኝበትን ስፍራ አይቼ አድንቄአለሁ። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ሰሌዳ ሆነ።

የዐረብኛ ጽሕፈት ብዙው ነገር በነጥብ ላይ የቆመ ነው። ዳቦ «ኹብዝ» ይባላል፤ የሚጻፈውም በሦስት ፊደላት ነው። ፀሐዩና «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች የፋቋቸው እንደ ሆነ ግን ቃሉ «ሒብር» ተብሎ ይነበባል፤ ይኸውም የጽሕፈት ቀለም ማለት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሳያውቀው ቀለም ሻጭ ሆኖ ያድራል! ጎማ ጠጋኙ ደግሞ «በንሸር» ብሎ ይለጥፋል። ቃሉ የእንግሊዝኛው «ፓንክቸር» ነው፤ ዐረብኛ የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው በ«በ» ተካው።

እኛስ? ጎማ ጠጋኙን በጣሊያንኛ «ጎሚስታ» እንለዋለን። «ግሮሰሪ» የሚለውን ሰሌዳ አይቶ ስኳርና ሩዝ ሊገዛ የገባ የውጭ አገር ሰው የሚቀርብለት ቢራ ነው። ሥዕል የሚሥለው ባለሙያ በንጉሡ «ሠ» እና በዓይኑ «ዐ» «ሠዓሊ» ብሎ መጻፍ ሲገባው፣ በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» «ሰአሊ» ያለ እንደ ሆነ፣ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ለማኝ ነኝ ብሎ በገዛ ደጃፉ ዐወጀ ማለት ነው።

ወደ አክስቴ ሰሌዳ ልመለስ። የጻፈላቸው ፊደላችንን የማያነብ ሱዳናዊ ነበር። አክስቴ በእስክሪብቶ ጽፈው የሰጡትን እንደ ሥዕል አስመስሎ ገለበጠው። «ቀይ ወጥ» ከሚለው ላይ ግን የ«ቀ»ን ክብ ዘነጋት፤ ፊደሉም «ተ» መሰለ። «ተይ ወጥ»! በርበሬ ስታበዛ «ኧረ ተይ!» የተባለች እመቤት ሁሉ ይህን ትረዳዋለች። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩት እኅቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ፣ «እትዬ፣ ተይ ወጡን ያምጡልን» እያሉ ሲሥቁ ይውሉ ነበር። እኔ ላርመው ብሩሽ ባነሣ አክስቴ እጄን ያዙ። «ተወው ልጄ፤ እነዚህ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን የሚሥቁት በዚህ ነው» አሉኝ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ ቅዳም ሥዑር ነበር፤ የፋሲካው ዶሮ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ተኩሱ ተሰማ። አክስቴ ከብዙ ቀን በኋላ በመተማ ወደ አገራቸው ገቡ። ከሃያ ዓመት ድካማቸው የያዙት አንድ ከረጢት ልብስ ብቻ ነበር፤ ሰሌዳው እዚያው ቀረ።

ባለፈው ፈቃዴ ጎንደር ስደርስ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፍቱ አገኘኋቸው። ሰሌዳ ጸሐፊው ወጣት «ተይ ወጥ ብለህ ጻፍ» ቢሉት፣ «ስሕተት ነው እማማ፤ ሰው ይሥቅብኛል» ብሎ እንቢ አለ፤ አሳምሮም «ቀይ ወጥ» ብሎ ጻፈ። ሒሳቡን ተቀብሎ እስኪሄድ ጠበቁት። ከዚያም ቀለሙ ሳይደርቅ ጨርቅ በቤንዚን ነክረው በርጩማ ላይ ወጡና የ«ቀ»ን ክብ በገዛ እጃቸው ጠረጉት።