የቀይ ቀበሮው ፎቶግራፍና የሳነቴ ሌሊት

በአገራችን ልማድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ መንገድ የሚወጣው ዘመድ ለመጠየቅ፥ ለሠርግ፥ ለለቅሶ ወይም ገዳም ለመሳለም ነው። ድንኳን ጭኖ፥ ስንቅ ቋጥሮ፥ ተራራና አውሬ ለማየት ብቻ መሄድ ግን ገና ብዙ አልተለመደም። እኔ ፎቶግራፍ ማንሣት የምወድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ደግሞ አገር ማየት ይናፍቃሉ። ስለዚህ ሁለቱን ፍላጎት በአንድ መንገድ ለማስማማት አስቤ፥ በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ ልጆቹ ከትምህርት ባረፉበት ሳምንት ወደ ባሌ ተራሮች ተነሣን።

ከአዲስ አበባ በአዳማና በአሰላ በኩል ወጥተን፥ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችውን በቆጂን አልፈን፥ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ወደ ማታ ዲንሾ ገባን። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ስፍራ ነው፤ ከፍታውም 3,100 ሜትር ያህል ነው። በኮሶና በጥድ ዛፎች መካከል ድንኳናችንን ተከልን። ታላቁ ልጅ ካስማ መታ፥ ታናሺቱ ጋቢና ብርድ ልብስ አነጠፈች። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መስበር የማይገባ ስለ ሆነ፥ ሽሮውን ከቤት ባመጣነው ከሰል አበሰልን። ገና ሳይመሽ የደጋ አጋዘኖች ከዛፎቹ ጥላ ወጥተው በአጠገባችን ሣር ይግጡ ጀመር። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

የእኔ ልብ ግን በሳነቴ ነበር። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በላዩም ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጉብታ እስከ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዓለም ላይ ካሉት 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እኔም የንጋት ብርሃን በቀበሮው ቀይ ጠጕር ላይ ሲያርፍ ለማንሣት ስለ ጓጓሁ፥ በማግሥቱ እዚያው አምባው ላይ እንደር አልሁ። ባለቤቴ፥ «ለልጆቹ ይከብዳቸዋል፤ ጎባ አድረን በጠዋት ብንወጣ አይሻልም?» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ፀሐይ እንደ ገባች ብርዱ አጥንት ይሰብር ጀመር፤ ውሃው በጀሪካኑ ውስጥ በረዶ ያዘ። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የስምንት ዓመት ልጃችን ራሷን አመማት፥ አስመለሳት፥ ውሃም እንቢ አለች። እኔ ብርዱ መስሎኝ የከሰሉን ምድጃ ወደ ድንኳኑ ላስገባ ብድግ ስል፥ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል? ሳል እንኳ ሳይቀድመን ሁላችንን ይወስደናል» አለች። እውነትዋን ነው፤ የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው። ቀጥላም፥ «ቀበሮው ነገም እዚሁ ነው፤ ልጅቷ ግን አሁን ታማለች» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርሁም። ድንኳኑን እንዳለ ትተን፥ ከእኛ ጋር ያደረው መንገድ መሪ ከፊት ተቀምጦ፥ በጨለማው ጠመዝማዛ ቍልቍለት ቀስ እያልን ወደ ጎባ ወረድን። ከ1,200 ሜትር በላይ እንደ ወረድን ልጅቷ ዐይኗን ገልጣ ዳቦ ቆሎ ጠየቀች። እኔም መሪውን እንደ ጨበጥሁ አለቀስሁ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት ጥፋቱ የስሌት ነበር። በ4,000 ሜትር ከፍታ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከአሥር እጅ ስድስቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፥ የሚያድርበትን ስፍራ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፤ እኔ ግን ቤተ ሰቤን በአንድ ቀን 900 ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ አሳደርሁ። ራስ ምታትና ማስመለስ ሲታይም መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ያ ሁሉ መከራ ለከንቱ መሆኑ ነው። ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈልና ሌሎች የሜዳ አይጦች ናቸው፤ እነርሱም ፀሐይ ሲሞቃቸው ከጉድጓድ ስለሚወጡ፥ ቀበሮውም የሚያድነው በቀን ነው። ልጅቷ ድና አንድ ቀን ካረፈች በኋላ ቍርስ በልተን ከጎባ ወጣን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ከመንገዱ ጥግ ቆመን፥ የመኪናውን ሞተር አጥፍተን፥ ካሜራውን በመስኮቱ ላይ ባጋደምሁት የባቄላ ከረጢት አስደግፌ ጠበቅን። መኪና ሰውን የሚሰውር ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ቀበሮውን ቀድማ ያየችው ያችው የታመመችው ልጅ ናት። ከጅብራው ሥር ብቅ ብሎ፥ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፥ ፍልፈል ያደምጥ ነበር። «አባዬ፥ አንሣው!» ብላ ክንዴን ስትይዘኝ አነሣሁት።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ነገር አስቡ። ከመንገዱ ወጥታችሁ በሣሩ ላይ አትንዱ። ውሻ አታስከትሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች እየተላለፈ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷልና። ካሜራ የያዘው አባት ደግሞ፥ የጉዞውን ሰዓት የሚቈርጠው ብርሃኑ ሳይሆን የታናሹ ልጅ ጉልበት መሆኑን አይርሳ።

ፎቶግራፉ ዛሬ በሳሎናችን ግድግዳ ተሰቅሏል። በጥግ በኩል ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር ይታያል፤ የልጄ የሹራብ እጅጌ ነው። ወዳጆቼ ቍረጠው ይሉኛል፤ እኔ ግን አልቈርጠውም።