የአንጎል ጓዳ

አማርኛችን ለሆድና ለልብ ያደላል። ምስጢር በሆድ ይያዛል፤ የተቀየመ ሆዱ ይሻክራል፤ አስተዋይ ልብ ይላል። ጭንቅላት የሚታወሰው አንዱ ሌላውን «ጭንቅላት የለህም!» ሲለው ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ አንጎል እንዳነብ ያደረጉኝ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ጎረቤታችን ሸማኔው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ መወርወሪያውን ሲያነሱ ጋብ ይላል። ሰፈርተኛው «ሥራ የለመደ እጅ ዕረፍት አይወድም» እያለ ይቀልድ ነበር። ኋላ ፊታቸው ፈገግታ አጣ፤ ድምፃቸውም ሰለለ። ቀልዱ ሐሜት ሆነና «ኮሩብን እኮ! ሰላምታ እንኳ ነፈጉን» ተባለ።

ነገሩ ለካ ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ኖሯል። በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ጠቆር ባለች ትንሽ ሥፍራ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ያኔ ያረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ፊት ይደርቃል። ሰውየው በውስጡ እየሳቀ ፊቱ ላይታዘዝለት ይችላል ማለት ነው።

ወደዚያ ጓዳ መግቢያው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳይ አገር፣ ግሬኖብል ከተማ፣ ፕሮፌሰር ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው በራስ ቅል ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥን ጸጥ ማሰኘት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ባትሪው ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በሽታውን አይነቅልም፤ እጅን ግን ያሳርፋል።

አዲሱ ጥረት ቅሉን ሳይበሱ መግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጥ፣ በ2023 ደግሞ በሰው ላይ የተሞከረ ዘዴ አለ። ከራስ ቆዳ ላይ ሁለት ፈጣን ሞገዶች ይለቀቃሉ፤ አንዱ በሰከንድ 2000፣ ሌላው 2010 ጊዜ ይመላለሳል እንበል። ሕዋሳቱ ያን ፍጥነት አይከተሉትም፤ ሁለቱ ከውስጥ በሚገናኙበት ሥፍራ ግን የ10 ልዩነታቸው ዘገምተኛ ምት ሆኖ ይደርሳቸዋል። ድርና ማግ ሲገናኙ ጥለት እንደሚወጣ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የለንደንና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ከ256 ምንጮች እየላከ ጥልቁን የአንጎል ክፍል የሚነካ የራስ ቁር አስተዋውቀዋል።

ይህ ሁሉ ከሽሮ ሜዳ ሩቅ ነው። የእኛ ሸማኔ ያላቸው ሌቮዶፓ የሚባለው ኪኒን ነው። ሲገኝ ይሸምናሉ፤ ሲጠፋ ልጃቸው ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ጥለቱን እየተመለከቱ ይውላሉ።

ከዚህ እውቀት ግን ዛሬውኑ፣ ያለ ዋጋ የሚደርሰን አለ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ገጸ ባሕርይ ስንስል ከፊት እንጀምራለን፤ የኮሰተረ ክፉ፣ የዘገየ ሰነፍ፣ የሚንቀጠቀጥ ፈሪ ይሆንልናል። በአንጎል ጓዳ የሞተች አንዲት ቁንጣሪ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ደግ ሰው ገላ ላይ ልትጽፍ ትችላለች። ስለዚህ ፊታቸው ያልፈታ ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥመን ሰላምታ አንጠብቅ። እንዴት አደሩ ማለቱን ፊቱ የሚታዘዝለት ይጀምር።