ምንሽር ወይስ ክላሽ? ጠመንጃችን የሚነግረን ነገር

ኮኪት ላይ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ካያችሁ ወሬያቸው ከሦስት ነገር አያልፍም፤ የሰሊጥ ዋጋ፣ የመንገዱ ሰላምና ጠመንጃ። ስለ ሁለቱ በየቀኑ ይጻፋል። ስለ ሦስተኛው የሚጻፈው ግን ወይ ፉከራ ነው ወይ ውግዘት።

እኔ ገንዳ ውሃንና መተማ ዮሐንስን በሚያገናኘው መንገድ ዳር ያደግሁ የአራሽ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ጠመንጃን እንደ ሞፈርና እንደ መጥረቢያ፣ እንደ ዕቃ ላንሳውና ልጠይቅ። ለአንድ የቆላ ገበሬ የሚበጀው የትኛው ነው? በእጅ እያቀባበሉ አንድ በአንድ የሚተኩሱት ወይስ ቃታው ሲሳብ የሚንጣጣው?

አገሩን ለማታውቁ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። ማሽላ ሲያሽት ጠላቱ ብዙ ነው። ቀን ግሪሳ ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ ይመጣበታል። ለግሪሳ ጠመንጃ ዋጋ የለውም፤ የሚባረረው በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ነው። ጠመንጃ የሚያስፈልገው ማማ ላይ ለሚያድረው ሰው ነው። እሱም ቢሆን ከጥይቱ ይልቅ ድምፁን ነው የሚፈልገው። አንዴ ጮሆ መንጋውን ከበተነለት ሥራው አልቋል።

አባቴ የነበረው ምንሽር ነው። «ልጄ፣ ጥይት እንደ ዘር ነው፤ ቆጥረህ ነው የምታወጣው» ይለኝ ነበር። ምንሽር አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ማቀባበያውን ማንሳት፣ ወደ ኋላ ስቦ ቀለሁን ማስፈንጠር፣ ወደ ፊት ገፍቶ ሌላ ጥይት ማጉረስና መልሶ መቆለፍ አለ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ግን ሰውየው ያያል። የተኮስኩት ከርከሮ ነው ወይስ የጎረቤት ጥጃ? ከኋላው የቀን ሠራተኞች ያደሩበት ዳስ አለ? ሜዳ አገር ላይ ዒላማውን የሳተ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሰው ይገድላል። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ትልቁ ጥቅሙ ይህች ፋታ ናት።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በራሱ በሚያቀባብል ጠመንጃ አጋዘን ማደን ለረጅም ዘመን በሕግ ተከልክሎ ኖሯል። አዳኞቹ ታዲያ ፓምፕ የሚባለውን ወደዱ። ከአፈሙዙ በታች ያለውን እጀታ በግራ እጅ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመግፋት የሚቀባበል ነው። ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው 760 የተባለው ሞዴል በዚያ ጫካ ስሙ የገነነ ነው። ቀኝ እጅ ከቃታው ሳይርቅ፣ ዓይንም ከዒላማው ሳይነቀል ሁለተኛው ጥይት ይጎርሳል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ አውሬ ይመቻል። ተኝቶ ለሚተኩስ ሰው ግን እጀታውን መሳብ አይመችም። ዋናው ነገር ሕጉና አዳኙ አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው፤ ፍጥነት ይኑር፣ ግን እጅ ካልሠራ አይተኩስ።

እኛም በእጅ ከሚቀባበሉት ጋር ረጅም ዘመን ኖረናል። ስናድር፣ አልቢን፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ ግራ ጠመንጃ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የእኛው መተማ ዮሐንስም በስሟ የምታስታውሰን መጋቢት 1881 እዚያው በጥይት ተመትተው የወደቁትን ንጉሠ ነገሥት ነው። ጠመንጃ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው።

ታዲያ ምንሽር ለምን ተረታ? ገበሬው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የምንሽር ጥይት እየጠፋ ሄደ፤ የክላሽ ግን በቀላሉ ይገኛል። ክላሽ አጭር ነው፣ መኪና ውስጥ አያስቸግርም፣ አቧራና ጭቃም አያቆመውም። አንዱ ካርታ 30 ጥይት ይይዛል። ሠርግ ላይም ያምራል፤ ይህንን መካድ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ግን ጠላቱ ተለወጠ። ድሮ የሚጠበቀው ከርከሮ ነበር፤ ዛሬ አጋች ነው። አጋች በቡድን ክላሽ ይዞ ሲመጣ ያቺ የምንሽር ፋታ ታስገድላለች። አንድ ጎረቤታችን ሁለት በሬ ሸጠው ክላሽ ሲገዙ «ጋሼ፣ በሬ ከሌለ ጠመንጃው ምን ሊጠብቅ ነው?» አልኳቸው። «የቀረውንስ ማን ሊጠብቅልኝ ነው?» አሉኝ። ለዚህ እኔም የመንግሥት ሰውም የሚያሳምን መልስ የለንም።

ቢሆንም ሒሳቡን እንሥራው። ክላሽ ደህንነት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ምዕራብ ጎንደር የአገሪቱ ሰላማዊ ቦታ በሆነ ነበር። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሸሽተው በመተማ የገቡ ስደተኞች ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 2016፣ ዘረፋውና ጥቃቱ በዛብን ብለው በሺህ የሚቆጠሩት መጠለያውን ለቀው በእግር ወጡ። ከጦርነት የሸሸ ሰው የእኛን ሰላም ሸሸ ማለት ነው።

ብቻውን መንገድ ላይ ክላሽ ያነገተም ቢሆን ለአሥር ሰው አይመልስም። አንዳንዴ የሚያስገድለው ራሱ ጠመንጃው ነው፤ እሱን ለመውሰድ ሲባል ባለቤቱ ይመታል። በሽማግሌ ያልቅ የነበረ የድንበር ጠብም ዛሬ ሽማግሌው ነጠላውን ሳያጣፋ ያልቃል።

አውሬውም አልተረፈም። ቋራ ውስጥ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2008 አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ተረጋግጦ ዓለም ሁሉ ዘግቦት ነበር። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ግን ክላሽ ባነገተ ሰው ሁሉ መካከል የሚኖር አውሬ ሕጉን ማን ያስከብርለታል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልጋል ይላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን መንገዱን ሳያስከብሩ «ጠመንጃህን አስመዝግብ» ማለት ገበሬውን አያሳምንም። መጀመሪያ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ሰው በሰላም ይግባና ይውጣ። ቀጥሎ በየቀበሌው፣ የአገር ሽማግሌ ባለበት፣ በእጅ ለሚቀባበል የሰብል መጠበቂያ ጠመንጃ ቀላልና ርካሽ ፈቃድ ይሰጥ። ገበሬው በውድ ገንዘብ የገዛውን ክላሽ ያለ ካሳ አምጣ አይባል።

ሰው የሚይዘው ጠመንጃ የሚፈራውን ነገር ያሳያል። የኮኪት ገበሬ እንደገና ከርከሮን ብቻ የሚፈራበት ቀን ከመጣ፣ አምስት ጥይት የምትጎርሰው ምንሽር ትበቃዋለች። ያንን ቀን ማምጣት ግን የገበሬው ሥራ አይደለም። መንገዱን እጠብቃለሁ ብሎ ግብር የሚሰበስበው አካል ሥራ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ የቆላ ልጆች፣ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።