አፈሩስ የትኛው አፈር ነው?

ዝናብ ጠብ ሲል የሚነሣው ሽታ አፈር ብይ ብይ የሚላት ነፍሰ ጡር በየሰፈሩ አለች። «አምሮት ነው» ብለን እናልፋታለን። ዛሬ ግን ሳናልፋት እንጫወት፤ የሰው ልጅ አፈርን ለመድኃኒት ሲበላና ሲቀባ ዘመናት አልፈዋል፣ ነገሩም ከአምሮት ይሰፋል።

ግሪክ ውስጥ ሌምኖስ የምትባል ደሴት አለች። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ታላቁ ሐኪም ጋሌን፣ የመርዝ ማርከሻ ነው የሚባለውን ቀይ አፈሯን በዓይኑ ሊያይ ባሕር አቋርጦ ሄደ። የደሴቷ ጣዖት ካህን የሆነችው ሴት ወደ ኮረብታው ወጥታ መሬቱ ላይ ስንዴና ገብስ ትበትናለች፣ አፈሩን በጋሪ አስጭና ወደ ከተማ ትመለሳለች። እዚያ በውኃ በጥብጣ ታጠልለዋለች፤ ውኃውን ከላይ ትደፋለች፣ ከሥር የዘቀጠውን አሸዋና ጠጠር ትተዋለች፣ መካከል ያለውን ልም ጭቃ ብቻ ወስዳ ማኅተም ታትምበታለች። ጋሌን «የፍየል ደም ይጨመርበታል የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ኋላም በቱርኮች ዘመን አፈሩ የሚቆፈረው በዓመት አንድ ቀን ነበር፤ ቀኑም የደብረ ታቦር በዓል፣ እኛ ቡሄ ብለን ሙልሙል የምንቆርስበት ዕለት።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ማጥለሉ ነው። የሸክላ አፈር ኃይሉ ያለው በደቃቅነቱ ነውና። እያንዳንዷ ቅንጣት ሚሊ ሜትር ለሺሕ ቢከፈል ከሁለቱ እጅ ታንሳለች፤ በውስጧም እጅግ ስስ ገበታዎች እንደ እንጀራ ተደራርበዋል። ቤንቶናይት የሚባለውን ዓይነት አንድ ግራም ወስዶ ገጹን ሁሉ መዘርጋት ቢቻል ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ያ ገጽ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ፖዘቲቭ ሙል ያለው ነገር ሲነካው ይጣበቅበታል።

በደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የአይማራ ገበሬዎች ይህን በልምድ ደርሰውበታል። የደጋው መራራ ድንች መርዝነት አለው፤ እነርሱ ግን የታወቀ ሸክላ በውኃ በጥብጠው፣ ድንቹን በዚያ እያጠቀሱ ይበላሉ። ተመራማሪው ቲሞቲ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አፈሩን መርምሮ ከድንቹ መርዝ ጋር የሚዛመድ መርዝ እንደሚይዝ አሳይቷል። ፓራኳት የተባለውን አደገኛ ፀረ አረም የጠጣ ሰው ሆስፒታል በቶሎ ከደረሰም፣ መርዙ ወደ ደም ሳይገባ እንዲያዝ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ የተጣራ ሸክላ ነው። ስለዚህ «አፈር ምን ይፈይዳል?» የሚለውን ሰው አልደግፈውም።

ነገር ግን ሸክላ የሚይዘውን አይመርጥም። መርዙን የያዘው ገጽ ብረትንም ይይዛል፣ የምትውጡትን ኪኒንም ይይዛል። ያቺ አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ ደም አንሷት ትገኛለች፤ የበላችው አፈር ደግሞ ከምግቧ የምታገኘውን ጥቂት ብረት ይነጥቃታል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት ኪኒን ከአፈር ጋር ከወሰደችውማ ድካሟ ከንቱ ነው። በአፈሩ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የወስፋት እንቁላልም ሌላ ጣጣ ነው።

ሸክላ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም አትርሱ። አይማራዎቹ የሚያውቁት የትኛው አፈር ከየትኛው ድንች ጋር እንደሚሄድ ነው፤ የሌምኖሷ ሴትም የምትወጣው ወደ አንድ ኮረብታ ነው። ዛሬ «ሰውነት ያጥባል» ተብሎ በዱቄት ታሽጎ የሚሸጠው ከየት እንደ ተቆፈረ ገዢው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት የቤንቶናይት ምርቶች ውስጥ ከፍ ያለ የእርሳስ መጠን አግኝቶ ሕዝቡ እንዳይጠቀምባቸው አስጠንቅቋል። እርሳስ የጽንስን አንጎል ይጎዳል። ለወዛም ፊት ቀብቶ መታጠብ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልከለክልም። ጀርሙ ያልተገደለ ጭቃ ግን ክፍት ቁስል ወይም የአራስ ሕፃን እትብት ላይ ማድረግ መንጋጋ ቆልፍን መጋበዝ ነው።

በአገራችን ደጋዎች ደቃቁ ቀይ አፈር ከነአካቴው ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ቅንጣቶቹ በቆዳው ሰርገው የሊምፍ መስመሩን ይጎዱበትና እግሩ ያብጣል፤ ዝሆኔ ከምንላቸው በሽታዎች አንዱ ይህ ነው። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ ሸክላ ጋር አያይዞ አብራርቶታል። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

እንግዲህ አፈር የሚያምራት እኅት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ አትሳቁባት፣ አትቆጧትም። ይዛችኋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደሟን አስመርምሩላት።